የሪሺልድ ክርስትና

የቅዱስ ሚካኤል ማግስት

የአገሩ ገዢ፣ የበላያችን ኮንቱ መልእክተኛ ላከ። የባሌ የጎቲዬ መቃብር ላይ ሣር እንኳ ሳይበቅል "ሞንብሬን የመሰለ ምሽግ ያለ ወንድ አይከርምም" ይላል። ከገና አርባ ቀን በኋላ እስከሚውለው የሻማ በዓል ድረስ ታግሶኛል። የዚያን ቀን ችሎቱ ፊት ቆሜ የማን ሚስት እንደምሆን ይነገረኛል።

የማን እንደሆነ መልእክተኛው ከፈረሱ ሳይወርድ ሁላችንም አውቀናል። ፉልክ ነው፤ የአማቴ የእሜቴ ቤርት የወንድም ልጅ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤታችን። ሚስቱን ቀብሮ የሷን ርስት ጠቅልሎ የያዘ ሰው ነው። አሁን ደግሞ ወንዙን ተሻግሮ ሊጠቀልል ነው።

አማቴ ወሬውን እንደ ሰማች ዝይዎቿን ጥላ መጣች። ለዝይዎቿ ካልሆነ ፊቷ ሲፈታ አይቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ጥርሷ ሁሉ ታየኝ።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር አየልሽ!"

"አሜን" አልኩ። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ በርግጫ አለኝ። እሱ እንኳ መልስ ሰጠ።

እኔ ለምን ዝም አልኩ? ሁልጊዜ መልሱ የሚመጣልኝ ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

የቅዱስ ሉቃስ ዕለት

ዝናብ፣ ዝናብ፣ ዝናብ። ሴቶቹ ሁሉ እሳት ዳር ተሰብስበው ሱፍ ሲያበጥሩ አማቴ የስም ነገር አነሳች። ወንድ ከሆነ ጎቲዬ ይባላል፤ በዚህ ማንም አይጣላም።

"ሴት ከሆነች ግን ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ" አለች። "ቤርት ትባላለች።"

ሕፃኑን ከጥምቀት ገንዳው ቀድሞ ያነሳ ስም ያወጣል፤ እዚህ አገር ሥርዓቱ ይኸው ነው። እናት ደግሞ አርባ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እና እኔ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የልጄን ስም ከሰው አፍ ልሰማ ነው።

"እናቴ፣ በኛ ቤት እኮ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ሪሺልድ ናት" አልኳት።

"በናንተ ቤት! አንቺ ራስሽ ሪሺልድ ነሽ?"

አይደለሁም። ሪሺልድ ታላቅ እህቴ ነበረች። በልጅነቷ ስትሞት ርስቱ ለኔ ደረሰ፣ ስሙ ግን አብሯት ተቀበረ። እስከ ዛሬ ባላባቶቻችን ሲምሉ "የሪሺልድ ቤት ሰው ነኝ" ይላሉ፣ ገበሬዎቹም ድንበር ሲጣሉ "የሪሺልድ መሬት" ይላሉ። ይህ ስም በሕይወት እስካለ ድረስ ሞንብሬ የሞንብሬ ሴቶች ነው። ልጄ ቤርት ከተባለችና እኔን ፉልክ ከወሰደኝ ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ስማችንንም ምሽጋችንንም ፉልክ ይውጠዋል። አማቴ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

"ደግሞስ የምን ስም ነው እሱ?" አለች። "የወፍጮ ቤት ስም! የመጀመሪያዋን ሪሺልድ እኮ ዱቄቷን አራግፈው ነው ለባላባት የዳሯት።"

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ፊቴ ጋለ። ያናደደኝ ስድቡ አይደለም፤ እውነት ይሁን ውሸት አለማወቄ ነው።

የቅዱሳን ሁሉ በዓል

ከቅዳሴ በኋላ ቄሳችንን አባ ጎስላንን ይዤ ስለ ስሙ ጠየቅኋቸው። ደስ አላቸው፤ የሚጠይቃቸው ሰው የለም።

"የድሮ የፍራንኮች ስም ነው" አሉኝ። "ሁለት ቃላት ናቸው፤ አንዱ ሥልጣን ነው፣ ሁለተኛው ጦርነት። ድሮ ንግሥቶች ይጠሩበት ነበር። የትልልቅ ቤት ሰዎች ለሴት ልጆቻቸው እንዲህ ያለ ስም ያወጡ ነበር፤ ልጅቷን የሚያይ ሁሉ የማን ዘር እንደሆነች እንዲያውቅ።"

"ስለ ወፍጮ ቤቱስ ምን ይላሉ?"

ሳል ያዛቸው። "ስለ ወፍጮ ቤቱ እማሆይ ኦዳን ጠይቂ።"

እማሆይ ኦዳ የአያቴ እህት ናት። ከጫካው ማዶ ባለው ገዳም ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ በአርጩሜ የገረፈችኝም እሷ ናት። ለወሊዱ እንድትመጣልኝ ሰው ልኬያለሁ።

የቅዱስ ማርቲን ዕለት

አሳማ ታረደ። ቤቱ በጭስና በጩኸት ተሞልቷል። ለመጻፍም ጊዜ የለኝ።

ፉልክ መጥቷል። ማንም ሳይጋብዘው "አንቺ" ይለኛል። በደም የተሞላውን ቋሊማ እየገመጠ ቤቴን ሲቃኝ ዋለ።

"ይሄ የግቢ በር በደንብ አልተሠራም" አለኝ። "ወደ ወንዙ መዞር አለበት።"

ወደ ወንዙ ማለት ወደ ቤቱ ማለት ነው።

ክፉ ሰው አይደለም። ይስቃል፣ ውሾቹን ይወዳል። ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ሁሉ የራሱ አድርጎ ማየት ለምዶበት ነው እንጂ። ይህን እየጻፍኩ ላዝንለት ነው እንዴ? ተይ ኤምሊን፣ አደብ ግዢ።

እማሆይ ኦዳ በአህያ ደረሰች። እርጥብ፣ የተራበች፣ የተቆጣች።

ከቅዱስ ማርቲን በኋላ፣ እሑድ

ከቀትር በኋላ አማቴ ተኝታልኝ ከእማሆይ ጋር ብቻችንን ሆንን። ጠየቅኋት። በሾርባዋ ውስጥ ዳቦ እየነከረች ነገረችኝ።

"የወፍጮ ቤት ልጅ ናት፣ አዎ። ታዲያ ምን ትደነግጫለሽ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪሺልድ የሚለውን ስም ወደ ሞንብሬ ያመጣችው ከሰሜን የመጣች እመቤት ናት። በሷ ዘመዶች ዘንድ ስሙ ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነበር። እሷ ግን መኻን ሆነች፤ ባሏም ሞተባት። አንድ ክረምት ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ሲዘጋ የወፍጮ ጠባቂው ሚስት እዚሁ ግቢ ውስጥ ተጠልላ ወለደች። ክርስትና የሚያነሳ ዘመድ ሊደርስላት አልቻለም። እመቤቲቱ ካባዋን አውልቃ ሕፃኗን ከገንዳው አነሳቻት፣ የራሷንም ስም ሰጠቻት።

"ከዚያማ አሳደገቻት" አለች እማሆይ። "ዳረቻት፣ አወረሰቻት። የባሏ ዘመዶች ጮኹ፣ ከሰሱ። 'የወፍጮ ልጅ በምን ዘመድሽ ሆነች?' አሏት። ጳጳሱ ፊት ቀርባ ምን አለች መሰለሽ? 'ከገንዳ ያነሳኋት ልጄ ናት፤ ከዚህ የሚበልጥ ዝምድና ካለ አሳዩኝ' አለች። ጳጳሱ ፈረደላት። እኔና አንቺ በደም የዚያች የወፍጮ ልጅ ነን። ስሙንና ርስቱን ያገኘነው ግን በክርስትና ነው።"

እንባዬ መጣ። ወሩን ሙሉ ያፈርኩበት ነገር ይኼ ኖሯል! ሰው በመወለድ የሚያገኘውን ስም ቅድመ አያቴ ተመርጣ ነው ያገኘችው። ደረቴ ተነፋ።

"ቤተ ክህነት ይህን ዝምድና ቀላል አድርጋ አታየውም" አለች እማሆይ ሳህኗን እየጠረገች። "ለማውረስም ቢሆን። ለመከልከልም ቢሆን።"

"ምን ለመከልከል?"

ቀና ብላ አየችኝ። "ሾርባሽ በረደ" አለች።

ሾርባዬን ጠጣሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የቅድስት ካትሪን ዕለት

ኑዛዜ ነበረኝ። ኃጢአቴን ከጨረስኩ በኋላ አባ ጎስላንን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

"አባቴ፣ ክርስትና አባት ለልጂቱ አባት ነው። ለልጂቱ እናትስ ምኗ ነው?"

"አበልጇ ነዋ! ወንድሟ ማለት ነው። እንደ ሥጋ ወንድሟ።"

"ይህን ሰው ሁሉ ያውቀዋል?"

አባ ጎስላን ሻማዎቻቸውን ማስተካከል ጀመሩ። "ሰው ሁሉ ሰምቶታል። የቸኮለ ሰው ግን ሁሉን አያስታውስም።"

ኑዛዜ ላይ ፈገግ ማለት ኃጢአት ይሆን? ለሚቀጥለው እጠይቃቸዋለሁ።

የቅዱስ ኒኮላስ ዕለት

እኩለ ሌሊት ሆኗል። ቢሆንም እጽፋለሁ።

ዛሬ ማዕድ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ከነሆዴ ተነሥቼ ፉልክ ፊት ቆምኩ።

"ጌታ ፉልክ" አልኩት፣ "ልጄ አባት የላትም፣ የለውም። ክርስትና የሚያነሳልኝ ከእርስዎ የቀረበ ሰው ማን አለኝ? እሜቴ ቤርት ክርስትና እናት ይሁኑ፣ እርስዎ ደግሞ አባት ይሁኑልኝ።"

ፉልክ እስከ ጆሮው ቀላ። አማቴ እጇን አጨበጨበች። "አየህ? ልቧ ተመለሰ! እኔ ምን አልኩህ?" አለችው። አዳራሹ ሁሉ ጽዋ አነሳ።

ያኔ ከማዕዱ ጫፍ ሽማግሌው ባላባት ኢቮን አፉን ጠረገና ተናገረ። "ኧረ ጌታዬ፣ ክርስትና ካነሱማ ጋብቻ ይከለከላል ይባል የለም እንዴ?"

እማሆይ ኦዳን አየኋት፤ ጣሪያውን ታያለች።

ፉልክ ሳቁን ለቀቀው። "ሕፃኗን ላገባ ነው እንዴ አንተ ሽማግሌ! ጥርስ እንኳ የላት!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢቮን ራሱ እስኪያስለው ሳቀ፣ ወደ ጽዋውም ተመለሰ። እኔም ሳቅሁ። ያን ያህል ስቄ አላውቅም፤ ጎኔን እስኪወጋኝ ነው የሳቅሁት።

ሲወጣ ፉልክ ጠጋ ብሎ፣ "ሴት ከሆነች አክስቴ 'ቤርት በሏት' ትላለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት፤ ከእውነት በቀር ምንም አልነገርኩትም። ባላባቶቻችን ለሪሺልድ እንጂ ለሌላ ስም ምለው እንደማያውቁ፣ እህቴ የተቀበረች ዕለት እንዴት እንዳለቀሱ፣ በቤርት ስም ማሉ ብላቸው ማን እሺ እንደሚለኝ እንደማላውቅ። አገጩን አሸ። ምሽጌን በሚያይበት ዓይኑ ሆዴን አየው።

"ለአክስቴ እንዳትነግሪያት" አለኝ።

ቃል ገባሁለት። እኔ ቃሌን እጠብቃለሁ።

የቅድስት ሉሲ ዕለት

ሴት ናት።

ሴት ናት! ትንሽ፣ ቀይ፣ ቁጡ። ደክሞኛል።

የቅድስት ሉሲ ማግስት

ማለዳ ወሰዷት። አማቴ በፀጉር ካባዋ ጠቅልላ እንደ ራሷ ዕቃ ይዛት ወጣች። "ቤርቴ፣ የኔ ቤርት" እያለች በደረጃው ስትወርድ ሰማኋት። እኔ አልጋ ላይ ቀረሁ።

ደወሉ ተደወለ። ከዚያ ዝም አለ። ቀድማ ብታነሳትስ? ፉልክ ቢረሳስ? መንገድ ላይ አንድ ሰው ቢያስታውሰውስ? የትራሴን ጥግ ነከስኩት። ለክርስቲያን የማይገባ ጸሎት ሁሉ ጸለይኩ፤ አሁን ያሳፍረኛል፣ ያኔ ግን አላሳፈረኝም።

መጀመሪያ የደረሰው የአማቴ ድምፅ ነው።

"ከእጄ ነጠቃት! ከእጄ ላይ!"

ተከትላ እማሆይ ኦዳ ልጄን ታቅፋ ገባች። ልጄ የገንዳውን ውሃና የቅብዓ ቅዱሱን ሽታ ትሸታለች። አማቴ ዝይዎቿ ላይ ልትጮህ ስትወጣ እማሆይ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችኝ።

አባ ጎስላን ፉልክን ክርስትና አባት የሚሆነው በገዛ ፈቃዱ እንደሆነ ደጋግመው ጠየቁት። "እንዴ አባ፣ ስንት ጊዜ ይጠይቁኛል? ውሃው እኮ በረደ!" አላቸው። ሕፃኗን ሲያወጧት አማቴ እጇን ዘረጋች፣ ፉልክ ግን በትከሻው ገፋ አድርጓት ቀድሞ አነሳ።

"ስሟስ ማን ይባል?" አሉ ካህኑ።

"ቤር..." አለች አማቴ።

"ሪሺልድ!" አለ ፉልክ። ድምፁ ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ከበሩ ውጭ የቆሙት ገበሬዎች ሰምተው ቆባቸውን ወረወሩ።

ከዚያ እንደ ሥርዓቱ ማለ፤ እስክታድግ ድረስ ከእሳት ሊጠብቃት፣ ከውሃም ሊጠብቃት። ጮክ ብሎ ነው የማለው አለችኝ፣ ሰው እንዲሰማለት።

ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ።

"አሁን አትሳቂ" አለችኝ እማሆይ። "ችሎቱ ገና ነው። አጥቢያት።"

ሪሺልድ፣ ሪሺልድ፣ ሪሺልድ። በጆሮዋ ብቻ ነው የምለው።

የገና ሰሞን

ሆዷን ቁርጠት ይዟታል። እንቅልፍ የለም።

ፉልክ የአጋዘን ሥጋ ላከ። ግንበኞችም ላከ፤ የግቢውን በር ሊያዞሩ። ድንጋዩ በብርድ ስለሚሰነጠቅ በረዶው እስኪያልፍ ይቆዩ ብዬ መለስኳቸው። አማቴ አኩርፋለች፣ ቢሆንም ተጽናንታለች። "ስሟን ወሰድሽ፣ ይሁን። ግን የሻማ በዓል ሲመጣ አንቺ የኛ ነሽ" አለችኝ።

ዝም አልኩ። አሁን ዝምታው እየጣመኝ ነው።

ትናንት ፉልክ ራሱ መጥቶ የሕፃኗን እግር ሳመ። ለቅጽበት ያህል ክፉ ሴት ነኝ ወይ አልኩ። "በፀደይ ይህን ጫካ አስመንጥረዋለሁ" ሲል ግን አለፈልኝ።

አንድ ሰው ቢያስታውሰውስ? የሱ ቄስ? ኢቮን ስካሩ ሲለቀው? በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ።

የቅዱስ ቪንሰንት ዕለት

አርባዬ ሞላ። ሻማ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። አባ ጎስላን ባርከውኝ ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለችሎቱ እኔም እሄዳለሁ። የጠየቀኝ ካለ እመልሳለሁ። ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ" አሉኝ።

"ይጠይቁዎታል፣ አባቴ" አልኳቸው።

የሻማ በዓል፣ የኮንቱ ከተማ

አሸነፍኩ! ብዕሬ ቀድሞኝ ይሮጣል። ከመጀመሪያው ልጀምር።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፉልክ አዲስ ካባ ለብሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣ አማቴን ከጎኑ አድርጎ ቆሟል። እኔ ሪሺልድን ታቅፌ ከእማሆይና ከአባ ጎስላን ጋር በሌላው ወገን ቆሜያለሁ። ባላባቶቻችን ከኋላችን ናቸው።

ኮንቱ ቸኩሏል፤ ከኛ በኋላ ምሳ ነበረበት። "የሞንብሬዋን ኤምሊንን ለፉልክ ሰጥቻለሁ። የሚቃወም አለ?"

ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣው መልሴ ዛሬ ምላሴ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

"ጌታዬ" አልኩ፣ "እኔ ትእዛዝዎን አልቃወምም። ግን ጌታ ፉልክ አበልጄ ነው።"

ኮንቱ ከወንበሩ ቀና አለ።

"ምንሽ ነው?" አለ ኮንቱ።

"አበልጄ ነው ጌታዬ። ይህችን ልጄን ከገንዳ ያነሳት እሱ ነው።"

ኮንቱ ወደ ፉልክ ዞረ። "አንስተሃታል?"

"አንስቻታለሁ፣ ግን..." ፉልክ ወደ ሕፃኗ አየ፣ ወደኔ አየ፣ መልሶ ወደ ሕፃኗ አየ። ፊቱ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲበራለት አየሁት። "ግን እኔ የማገባው ሕፃኗን አይደለም እኮ!"

ከባላባቶቹ መካከል አንዱ በሳቅ ፈነዳ። ኢቮን ነው። "ብዬዎት ነበር ጌታዬ! በቅዱስ ኒኮላስ ዕለት ብዬዎት ነበር!"

አዳራሹ ተናጋ። ከኮንቱ ጎን የተቀመጠው የጳጳሱ ጸሐፊ ብድግ ብሎ አባ ጎስላንን ጠራቸው፤ ጠየቃቸውም። አባ ጎስላን ሁሉን መለሱ፤ በፈቃዱ እንደሆነ፣ ደጋግመው እንደጠየቁት፣ ውሃው በረደ ብሎ እንደተቆጣ ጭምር። "እህትና ወንድም ናቸው" አለ ጸሐፊው። "ይህን ጋብቻ የሚፈጽም ይወገዛል፤ የፈቀደም አብሮ ይወገዛል።"

ኮንቱ "የፈቀደም" የሚለውን ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ። ከጳጳሱ ጋር ጠብ እንደማይፈልግ አገር ያውቃል።

"ወደ ሮማ እንልካለን!" አለች አማቴ። "ፈቃድ ይመጣል!"

"ይላኩ እሜቴ" አለ ኮንቱ። "መልሱ እስኪመጣ ልጅቷ ራሷ ታገባለች።" አሁን እሱም መሳቅ ጀምሯል። "ፉልክ፣ ስታነሳት ምን ብለህ ማልክ?"

"ከእሳት..." አለ ፉልክ አዲሱን ካባውን እየጎተተ። "ከእሳትና ከውሃ ልጠብቃት።"

"እንግዲያው ጠብቃት። ከማዶ ሆነህ። ምሽጉ ወንድ ጠባቂ ያስፈልገዋል ብዬ ነበር፤ ይኸው በእግዚአብሔር ፊት የማለ ጠባቂ አለው። የሞንብሬን አስተዳደር ኤምሊን ትያዝ፣ ልጅቷ እስክትደርስ። ባላባቶቹ አሁኑኑ ይማሉላት። ማን ነበር ስሟ?"

"ሪሺልድ!" አሉ ከኋላዬ። ሁሉም አንድ ላይ።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዓይኔን ልሰብር፣ እንደ ጨዋ መበለት አንገቴን ልደፋ ይገባኝ ነበር። አልደፋሁም። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከኔ ቀና ብሎ የቆመ ሰው አልነበረም። እማሆይ ኦዳ በአደባባይ አፍንጫዋን ተናፈጠች፤ ስታለቅስ ያየኋት ይኼ የመጀመሪያዬ ነው።

ለሕፃን ሲማልላት ክርስትና አባቷ ይይዛታል፤ ሥርዓት ነው። ለፉልክ አቀበልኳት። አዲሱ ካባው ላይ ወተት አስመለሰችበት። ባላባቶቻችን በየተራ እየተንበረከኩ፣ ወፍራም መዳፋቸውን በትናንሽ እጆቿ መካከል እያደረጉ "የሪሺልድ ሰው ነኝ" እያሉ ማሉ። ኢቮን ተራው ሲደርስ እየሳቀ ስለማለ ከመጀመሪያው እንዲደግም አዘዙት።

ፉልክ አጎንብሶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "አንቺ" ማለቱ ቀርቷል።

"እሜቴ፣ ክንዴ ዛለ። ይቀበሉኝ እባክዎ።"

"ትንሽ ይታገሱ አበልጄ" አልኩት፣ "ገና ብዙዎቹ አልማሉም።"

የመጨረሻው ባላባት እስኪነሣ ድረስ ይዟት ቆመ።